ማን ከማን ደጅ ገባ?

አንድን ሰው ከሰው ተራ ልናወጣው ስንፈልግ «አውሬ» እንለዋለን። ሕፃን የደበደበ፣ አሮጊት የዘረፈ፣ እስረኛ ያሠቃየ ሰው ወሬው ሲደርሰን «ምን ዓይነቱ አውሬ ነው!» ብለን እንገላገላለን። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ይቀላል፤ ሰሚውም ቢሆን «አውሬው ደግሞ ምን አደረገ?» ብሎ አይሟገትም። ለመሆኑ እስረኛ ገልብጦ ውስጥ እግሩን የሚገርፍ ነብር ማን አይቷል? የአሮጊት መቀነት ፈትቶ ሳንቲም የሚቆጥር ጅብስ በየትኛው አገር ይገኛል? ይህን ሁሉ የሠራው ሰው ነው። ስሙን ግን ለአውሬ ሰጥተን፣ እኛ ንጹሕ ሆነን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልቆየሁበት። ከሥሩ ግን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ሊበላን የሚችል ፍጡር፣ ስለሚችል ብቻ ክፉ ይባላል ወይ? ከእንዲህ ያለው ፍጡር ጋር በገዛ መኖሪያው ፊት ለፊት ስንገጣጠም ከሳሹ ማነው? ተከሳሹስ? ከሳሹ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚፈርድ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄውን ደጃችን ከሚያመሸው ከጅብ መጀመር ይቻል ነበር። ከጅብ ጋር ግን የቆየ ቂም አለን፤ በግ ወስዶብናል፣ አህያ በልቶብናል፣ እኛም በበኩላችን ከቡዳ ጋር አያይዘን ስሙን አጥፍተናል። ባለቂም ደግሞ ዳኛ አይሆንም። ስለዚህ የደጋ ሰው ምንም ሒሳብ ከሌለበት አውሬ ልጀምር፤ ከሻርክ። በዕለት ንግግራችን በባዕድ ስሙ የምንጠራው፣ አብዛኞቻችን በዓይናችን ሳናየው የምንሞት ዓሣ ነው። አንድም በግ አልወሰደብንም። ሆኖም ስሙ ሲነሣ ሰውነታችን ይሰቀጥጣል። ይህን ፍርሃት ከየት አመጣነው?

ከአባቶቻችን እንዳልወረስነው እርግጠኛ ነኝ። የደጋው ሰው ስለ ባሕር አውሬ የሚያውቀው በጾመ ነነዌ ከሚሰማው ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ዓሣ አንበሪው ክፉ አይደለም። ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ በመርከብ የሸሸው ሰውየው ነው፤ ዓሣው ታዝዞ ዋጠው፣ በሦስተኛው ቀን ታዝዞ ተፋው። ከሁለቱ ሕግ ያፈረሰው ማን እንደሆነ የቆሎ ተማሪ እንኳ አይጠፋውም። መዝሙረ ዳዊትም (በእኛ አቆጣጠር 103ኛው መዝሙር) ሌሊቱን ለአራዊት፣ ቀኑን ለሠራተኛው ሰው ከፍሎ ይሰጣል፤ አንበሳ የሚያድነውን እንኳ ከእግዚአብሔር እንደሚለምን ምግብ እንጂ እንደ ወንጀል አይቆጥረውም።

እኛ ሻርክን የተማርነው ከሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፒተር ቤንችሊ የሚባል አሜሪካዊ ስለ አንድ ሰው በላ ሻርክ ልቦለድ ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» በሚለው በዚያው ስም ፊልም አደረገው። እኔ በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን አየሁት። ባሕር አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ያን ክረምት በሰፈሩ ወንዝ ዳር እግሩን ለመንከር ፈራ። የፊልሙ ሻርክ ይራባል ብቻ አይደለም፤ ይቀየማል፣ ያሳድዳል፣ ይበቀላል። ማለትም ሰው ነው። የሰውን ቂም የዓሣ ቆዳ አልብሰው አሳዩን፤ እኛም አመንን።

ደራሲው ቤንችሊ ግን የኋለኛ ዕድሜውን እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ ስለ ሻርኮች ጥብቅና ሲቆም አሳለፈ። ያን መጽሐፍ ያን ጊዜ ያልታወቀው ከታወቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ እንደማይጽፈው ተናግሯል። የታወቀውም ይህ ነው፦ በዓለም ዙሪያ ሳይነካ ሻርክ የነከሰው ሰው ቁጥር በዓመት 60 ወይም 70 ያህል ነው፤ ከእነዚህም የሚሞቱት በአብዛኛው ዓመት ከአሥር አያልፉም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። እኛስ እባቡንም ሳናይ ነው የበረየነው።

ዳህላክ አካባቢ የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጽሑፍ ወሬ ልለቅም መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ጓሳ የሚባለው ከፍተኛ የሣር ምድር ከዚያ ሩቅ አይደለም። አንድ ማታ ብርዱ አላስወጣ ብሎን ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲወራ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቤቱ አባወራ «እናንተ አውሬ የምትሉት የመሬቱን ነው፤ እኔ የውኃውን አይቻለሁ» አሉ። ቤተሰቡ ሳቀ፤ የሰሙት ታሪክ ነው። እኔ ግን እንግዳ ነበርሁና እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ተቀጥረው፣ በደርግም ጊዜ ጥቂት አገልግለው፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ከመውጣቷ ብዙ ቀደም ብለው በሕመም ተሰናብተው ወደ መንዝ ተመልሰዋል። ያወጉኝን እንዳወጉኝ ልጻፈው፦

«እሑድ ቀን ነው። ሦስት ሆነን በትንሽ ጀልባ ወደ ዳህላክ ደሴቶች አቅጣጫ ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። ስንመለስ መልሕቃችን ከባሕሩ ድንጋይ ሥር ተሰክቶ እምቢ አለ። ዋና የምሻል እኔ ነኝና ገመዱን ይዤ ጠለቅሁ። ውኃው እንደ መስተዋት ያሳያል። ገመዱን እየታገልሁ ሳለ እነዚያ ትንንሾቹ ዓሦች በአንድ ጊዜ ድራሻቸው ጠፋ። ገበያ መሐል ቆመህ ሰው ሁሉ ድንገት ቢጠፋብህ ምን ይሰማሃል? እንደዚያ ነው። ቀና ስል ከጎኔ አለ። ርዝመቱ ከጀልባችን አያንስም። ጎኑ ላይ እንደ ጥላ ያለ ሽንትር ወርዶበታል። አልቸኮለም። አንድ ጊዜ ዞረኝ፤ ደግሞ ዞረኝ። ዓይኑን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ቁጣ የለበትም፣ ልጄ። ጥላቻም የለበትም። ዕቃ እንደምታይ ያይሃል። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። ከዚያ ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ወደ ጥልቁ ወረደ። እንዴት ጀልባው ላይ እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

ከጓደኞቻቸው አንዱ ጠመንጃውን አንሥቶ ጥላው እንደገና ብቅ ሲል ሊተኩስ አነጣጠረ። እርሳቸው ገና እየተንቀጠቀጡ እጁን ያዙት።

«ለምን ያዙት?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ኋላ ሳብሰለስለው ነው የገባኝ። መልሕቁን ቤቱ ላይ የጣልን እኛ ነን። ዓሣውን ከፊቱ የምናነሣበት እኛ ነን። እሱ ምን አደረገ? ማነው የገባው ብሎ ወጥቶ አየ፤ ሄደ። አንተስ ቤትህ ሰው ሲገባ ወጥተህ አታይም?»

«ቢበላዎትስ ኖሮ?»

«እናቴ ታለቅስ ነበራ! ዓሣው ግን ወንጀለኛ አይባልም።»

ሽንትሩን ካነሡት ዘንድ፣ ያዩት የነብር ሻርክ የሚባለው ዝርያ ሳይሆን አይቀርም። በቀይ ባሕር ይገኛል፤ ሰው በመንከስ ስማቸው ከሚነሣው ከሦስቱ ዋነኛ ዝርያዎችም አንዱ ነው። ስለዚህ «ነገሩ እኮ ምንም አያደርግም ነበር» ብለን አናቃልልባቸውም። አደጋው እውነት ነበር። ሽማግሌው የፈሩት ልክ ነበሩ፤ ያልፈረዱትም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ መፍራት አንድ ነገር፣ መፍረድ ሌላ ነገር።

ይህን ልዩነት ከመንዙ ሽማግሌ በጣም በራቀ አገር፣ በባሰ መከራ ውስጥ ያለፈች አንዲት ፈላስፋም ደርሳበታለች። አውስትራሊያዊቷ ቫል ፕለምውድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1985 በካካዱ ብሔራዊ ፓርክ ብቻዋን በትንሽ ታንኳ ስትቀዝፍ አዞ ያዛት። ሦስት ጊዜ እየነከሰ ውኃ ውስጥ አሽከረከራት፤ ሦስቱንም ጊዜ አመለጠች። እግሯ ተዘልዝሎ፣ በጭቃ እየተሳበች ሰው እስኪያገኛት ድረስ ቆየች። ከዳነች በኋላ ጠባቂዎቹ አዞውን ፈልገው ሊገድሉት ሲመክሩ የተቃወመችው እርሷ ናት፤ ወደ መኖሪያው የገባሁት እኔ ነኝ አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 እስክትሞትም ድረስ ያቺን ሰዓት ስትመረምር ኖረች። የደረሰችበትም እንዲህ ነው፤ በአዞው መንጋጋ ውስጥ ሳለች መጀመሪያ የተሰማት ሕመም ሳይሆን አለማመን ነበር፤ «እኔ እኮ ሰው ነኝ፣ እንዴት ምግብ እሆናለሁ?» የሚል።

እዚህ ላይ ነው የመንዙ ሽማግሌ «ዕቃ እንደምታይ ያይሃል» ያሉት የሚገባን። የአውሬ ዓይን ፊት ስንቆም የሚያንገበግበን ሞት ብቻ አይደለም፤ በመኪናም በወባም እንሞታለን፣ መኪናንና ትንኝን ግን «ጨካኝ» ብለን አንከስም። የሚያንገበግበን ሥጋ ሆነን መታየታችን ነው። በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ተራ ቆመን ዶሮዋን በእጃችን አንጠልጥለን ክብደቷን ስንገምት የምናያት እንዲሁ ነው። ቁጣ የለብንም፤ ጥላቻም የለብንም። ዓመቱን ሙሉ በሌላው ላይ ስናሳርፍ የኖርነው ዓይን አንድ ቀን ወደ እኛ ሲዞር «ክፋት!» ብለን እንጮኻለን።

የደጅ ሕግ

ይህን ስጽፍ የሚነሣብኝ መልስ ይታወቀኛል። «አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ በግህን ጅብ አልወሰደብህ። ለአውሬ መራራት ለማን ይከብዳል፣ ከፎቅ ላይ ሆኖ!» ይሉኛል። እውነት ነው። ልጁን ከብት ጥበቃ የሚልክ ገበሬና ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን አንበሳ የሚያይ ሰው ስለ አውሬ እኩል የመናገር መብት የላቸውም። ዓሣ አጥማጁም ቢሆን ባሕር የሚገባው ለፍልስፍና አይደለም፤ ለእንጀራው ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለባለጉዳዩ አቀረብሁት። ሽማግሌው በግ አላቸው፤ ጅብም ደጃቸው ይመጣል። «ሻርኩን ማሩት፤ ጅቡንስ?» አልኋቸው።

«ጅብ በረቴ ድረስ ከመጣ በጦር ነው የምቀበለው» አሉ ያለ ማመንታት። «ገድዬም አውቃለሁ። ደጄ ነዋ! ጓሳ ድረስ ተከትዬው ግን ጉድጓዱን አልቆፍርም፤ ያ ደግሞ የሱ ደጅ ነው።»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ብዙ መጻሕፍት የሚደክሙበት ነገር ተቋጥሯል። ሽማግሌው አውሬ አይነካ አላሉም፤ አውሬ ይጥፋም አላሉም። ሦስት ነገሮችን ለዩ፤ ፍርሃትን፣ መከላከልን እና ፍርድን። ፍርሃት በተፈጥሮ የተሰጠ ነው፤ አያሳፍርም። መከላከል ደጅን መጠበቅ ነው፤ ይገባል። ፍርድ ግን ጥፋተኛን ይጠይቃል። ጥፋት ደግሞ ሕጉን እያወቀ፣ መተው እየቻለ ያልተወ ሲኖር ነው። ጅቡ በግ የሚወስደው በግነቱን እንጂ ባለቤቱን አውቆ አይደለም።

አማርኛችንም ይህን ፈጽሞ አልሳተውም። በተረታችን ውስጥ ጅብ «አያ ጅቦ» ነው፤ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ማዕረግ ይጠራል። ሞኝ ነው፣ ሆዳም ነው፣ ይታለላል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ስንል የምንስቀው በራሳችን መንደር ባለ አስመሳይ ነው። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ስንልም የምንመክረው ችኩል ልጃችንን ነው። የተረት ጅብ ጎረቤት ነው፤ የሚፈራ፣ የሚታማ፣ ግን ዘመድ። ሐረሮች ደግሞ ከተረት አልፈው ሄደዋል፤ በጀጎል ግንብ ሥር ለጅብ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ። ጠላት እንዳይገባ ግንብ የሠራ ሕዝብ ለጅብ መግቢያ መተዉ የሚያስገርም ነው። ጅቡም በሌሊት ገብቶ የከተማውን ትርፍራፊ ለቅሞ ይወጣል።

የእኛ ኑሮ ከአውሬው ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተጠላለፈ ለማወቅ ደግሞ አንድ ጥናት ላንሣ። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ በትግራይ ጅቦች በዓቢይ ጾም ምን እንደሚበሉ መረመሩ። መንገዳቸው ቀላል ነው፤ በዓይነ ምድራቸው ውስጥ የሚገኘውን የእንስሳት ፀጉር ለይተው ቆጠሩ። ሰው ሥጋ ሲያቆም፣ ቄራውና ቤቱ ሁሉ አጥንት መጣል ሲያቆም፣ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞሩ፤ በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር የተገኘበት መጠን ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሰ። እንግዲህ አህያውን ያስበላው ማነው? ጅቡ ክፉ ሆኖ ከረመ? ወይስ ዓመቱን ሙሉ በቆሻሻችን ስናበላው ከርመን ማዕዱን በድንገት አነሣንበት? ጾሙ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። «አውሬው ከፋ» በምንልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተለወጠ የእኛ ነገር አለ ለማለት ነው።

መንዞች ራሳቸውን ያጠሩበት አጥር

የሽማግሌው የደጅ ሕግ ያማረ ቢሆንም አንድ ቀዳዳ አለው። ደጅ ይሰፋል። ዛሬ ደጄ ቤቴ ነው፤ ነገ እርሻዬ፣ ከነገ ወዲያ ልጄ የሚቆርሰው ጠፍ መሬት። አውሬው ባለበት ቆሞ እያለ ደጄ ሄዶ ይደርስበታል፤ ከዚያ «ደጄ መጣ» ብዬ እገድለዋለሁ። ድንበሩን የሚያሰምረው ማረሻ የያዘው ወገን ብቻ ከሆነ፣ የደጅ ሕግ ሳይፈርስ አውሬው ያልቃል።

ለዚህ ቀዳዳ መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት እዚያው መንዝ ነው። ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር የሣር አገር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ይህን ሀብት ለመጠበቅ መንዞች፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ እንደተጀመረ የሚነገርለት፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው (በቅርብ ዓመታት ከሰማነው የወጣቶች እንቅስቃሴ ስም ጋር አይገናኝም)። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች አለቃ መርጠው፣ ጓሳን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጉት ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ሣር ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም፤ እንጨት መልቀም የለም። ሲከፈት ሁሉም በወግ ገብቶ ድርሻውን ይወስዳል።

አጥር እንሠራለን፤ ሌላው እንዳይገባብን። መንዞች ግን ያጠሩት ራሳቸው እንዳይገቡ ነው። ይህን ያደረጉት ለቀይ ቀበሮ አዝነው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሣሩ ነው። ሆኖም ሰው እጁን በሰበሰበበት ቦታ ሌላው ኑሮውን ይቀጥላል። ዛሬ በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት ደርዘን የሚሆኑት ጓሳ ላይ አሉ። እዚያው በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ቀበሮዎቹ ሣር በሚግጡ የጭላዳ መንጋዎች መሐል በእርጋታ እየተዘዋወሩ አይጥ ሲያድኑ ታይተዋል። በመንጋው መሐል ሲሆኑ ካደረጉት ሙከራ 67 በመቶው ተሳክቶላቸዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን 25 በመቶው ብቻ። የጭላዳ ግልገል አጠገባቸው እየተንደባለለ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም። ቃል ኪዳን ነው አልልም፤ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጥርስ ያለው ሁሉ ባገኘው ሥጋ ላይ ይዘላል የሚለውን የቪዲዮ ቤት ትምህርታችንን ያፈርሳል።

ቄሮን ግን ገነት አድርጌ ላቀርበው አልሻም። ሥርዓቱ የባለርስት ሥርዓት ነበር፤ ከሁለቱ አባቶች የማይወለደው የዚያው አገር ሰው ከአጥሩ ውጭ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የሚለው አዋጅ ሲወጣ ያ አድልዎ ተሻረ፤ ከአድልዎው ጋር ግን መዝጋቱም ተሻረ። ፍትሕ መጣ፤ ሁሉም ገባ፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ አወቀው። ከዚህ የምማረው፣ ሰው ሁሉ እኩል መብት ሲያገኝ ጥያቄው እንደማያልቅ ነው። «ሁላችንም መግባት እንችላለን» ካልን በኋላ «ሁላችንም መች እንቆማለን?» የሚለው ይቀራል። አውሬው ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። ሰው ብቻ ነው የሚችለው።

አጥር የሌለው ባሕር

ከጓሳ ምሥራቃዊ ገደል ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው የአፋርን ቆላ ያያል፤ ከዚያ ማዶ በዓይን የማይደረስበት ቀይ ባሕር አለ። ባሕሩ ላይ ቄሮ የለም። የዓለም ውቅያኖስ አብዛኛው ክፍል የማንም ነው፤ የማንም የሆነ ደግሞ የሁሉም ይሆናል፤ የሁሉም የሆነውን የሚዘጋው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምት እንደሚለው ሰው በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል ሻርኮች ይገድላል። ከፊሉ ለክንፉ ሾርባ ነው፤ ከፊሉ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ ተይዞ ነው። በውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ71 በመቶ መቀነሳቸውን በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ያሳያል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ዘር ነው፤ የቀነሰው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። በዓመት ከአሥር ያነሰ ሰው ከሚገድለውና መቶ ሚሊዮን ከሚገድለው፣ ለየትኛው ነው ፊልም የተሠራው?

ፍርሃት ወደ ፍርድ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ምዕራብ አውስትራሊያ ታይቷል። በተከታታይ ሰዎች በሻርክ ከሞቱ በኋላ የክልሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ በባሕር ዳርቻዎች መንጠቆ ጣለ። ዋናው ተጠርጣሪ ነጭ ሻርክ የሚባለው ነበር። በጥቂት ወራት 172 ሻርኮች ተያዙ፤ ትላልቆቹ በጥይት ተገደሉ። ከተያዙት ውስጥ አንድም ነጭ ሻርክ አልነበረም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ሐዘን እውነት ነው፤ መንግሥትም አንድ ነገር እንዲያደርግ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የተደረገው ግን መከላከል አልነበረም። አጥፊው ሲታጣ ዘመዱ፣ ዘመዱ ሲታጣ የሚመስለው ተያዘ። ይህን አሠራር እኛ ከደም መላሽ እናውቀዋለን።

በዚህም ምክንያት ነው ስለ ዓሣ የጀመርሁትን ነገር የዓሣ ብቻ ማድረግ ያልቻልሁት። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካ አንደበታችን «የቀን ጅብ» የሚል ቃል ገብቷል። ማን በማን ላይ እንደተናገረው መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከጊዜ በኋላ ሁሉም ወገን ለሌላው አንድ የአውሬ ስም አላጣለትም። የቃሉ ሥራ ግን አንድ ነው። ሰውን አውሬ ካልነው በኋላ ፍርድ ቤት አያስፈልገውም፤ ሚስትና ልጅ አይኖረውም፤ ከመሰሉት ጋር በጅምላ ይታደናል። ከዚህም የባሰው፣ በእውነት ያጠፋው ሰው ራሱ በዚህ ቃል ይጠቀማል። አውሬ ሕግ አያውቅም፤ ሕግ የማያውቅ አይጠየቅም። ገራፊውን «አውሬ» ስንለው የሰደብነው እየመሰለን ነጻ አወጣነው። እርሱ መተው እየቻለ ያልተወ ሰው ነው። ሊጠራ የሚገባው በሰውነቱ ነው፤ ሊጠየቅም የሚገባው እንደ ሰው ነው።

እንግዲህ በበኩሌ ለተነሣሁበት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሊበላን የሚችል ፍጡር ክፉ አይደለም፤ ደግም አይደለም። ከፍርድ ወንበር በታች የሚቀርብ ባለጉዳይ አይደለም። ደጃችን ሲመጣ እንመክተዋለን፤ ደጁ ስንገባ ልንፈራው ይገባል፤ ፍርሃቱም ለእንግዳ የሚገባ ጨዋነት ነው። ክፋት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቆም የሚችል ፍጡር ሳይቆም ሲቀር። እስካሁን በምናውቀው ዓለም እንዲህ ያለው ፍጡር አንድ ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከቆሻሻ ገንዳው ማዶ ጅብ ሲጮህ ብትሰማ፣ በርህን ዝጋ፤ መዝጋትህ ተገቢ ነው። ከዘጋህ በኋላ ግን በሩ ከየት መጥቶ እዚያ እንደቆመ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊትም ያ መሬት የማን ደጅ እንደነበረ ጥቂት አስብ።